ሜቴኦሳት 1፦ ዓይኗ ጠፍቶ ፖስተኛ የሆነችው ሳተላይት

ደመና_ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው የጠፈር ክር ላይ አንድ ወዳጃችን «የሜትዮሮሎጂ ሳተላይት ደግሞ ምን ታሪክ አላት? ደመና ፎቶ ማንሳት ነው ሥራዋ» ብሎ አለፈ። አላስችል አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲቷ ላወራችሁ ነው፤ ስለ ሜቴኦሳት 1። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሜቴኦሳት 1 የአውሮፓ የመጀመሪያዋ የጂኦስቴሽነሪ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ናት። ሐሳቡ መጀመሪያ የፈረንሳዮች ነበር። በኋላ፣ በ1972፣ የአውሮፓ የጋራ ፕሮጀክት ሆነ። ሥራውን የመራው ኤሮስፓሲያል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን ኖቬምበር 23 ቀን 1977 ከኬፕ ካናቬራል በአሜሪካ ዴልታ ሮኬት ተተኮሰች። አውሮፓ ያኔ ይህን ያህል ጭነት እዚያ የሚያደርስ የራሷ ሮኬት አልነበራትም። የተመደበችበት ቦታ የምድር ወገብና የግሪንዊች መስመር ከሚገናኙበት፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ነው። ከፍታው ወደ 35,800 ኪሎ ሜትር። እዚያ ላይ ያለ ሳተላይት አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር በራሷ ላይ ከምትዞርበት ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከታች ላለ ሰው ባለበት የተተከለ ነው የሚመስለው። አፍሪካ ሙሉዋን ከፊቷ ተዘርግታለች። አውሮፓና አትላንቲክም እንዲሁ። እኛ በስተቀኝ በኩል፣ ትንሽ ሰያፍ ሆነን እንታያለን።

አሜሪካኖቹ ቀድመዋል፣ እሱን መካድ አይቻልም። ኤቲኤስ 1 የተባለችው ሳተላይታቸው በ1966 መጨረሻ የዊስኮንሲኑን ሳይንቲስት የቨርነር ሱዎሚን ካሜራ ይዛ ወጥታ ነበር። የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቻቸው ኤስኤምኤስ 1 በሜይ 1974፣ ጎስ 1 ደግሞ በኦክቶበር 1975 ተከተሉ። የማሽከርከር ዘዴው፣ ማለትም ሳተላይቷን አሽከርክሮ ፎቶ ማንሳት፣ ከነሱ የመጣ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ወደ አሠራሯ።

ሲሊንደር ናት። ወርዷ 2.1 ሜትር፣ ቁመቷ 3.2 ሜትር ገደማ። ስትተኮስ ወደ 700 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ከዚያ ከግማሽ በላዩ ግን ወደ መጨረሻው ምህዋሯ የሚገፋት ሞተርና ነዳጅ ነው። የጎኗ ዙሪያ በሙሉ በፀሐይ ሴል ተለብጧል። በደቂቃ 100 ጊዜ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ይህ መሽከርከር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሳትወላገድ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ሁለተኛ፣ የካሜራውን ግማሽ ሥራ ይሠራል።

እንዴት? ሆዷ ውስጥ መስተዋቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አለ። በጎን በኩል ነው የሚያየው። እሷ በዞረች ቁጥር ቴሌስኮፑ የምድርን ፊት አንዴ ይጠርጋል፣ አንድ ቀጭን መስመር ያነባል። ከዚያ በጣም ትንሽ ወደ ሰሜን ቀና ይላል። ቀጣዩ ዙር ቀጣዩን መስመር ያነባል። ከደቡብ ጀምሮ እንዲህ እያለ 2,500 ጊዜ። በደቂቃ 100 ስለሆነ 25 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። የቀረው 5 ደቂቃ ቴሌስኮፑ ወደ ታች ተመልሶ እስኪረጋጋ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ምስል፣ በቀን 48።

እዚህ ላይ የምትገርመኝ ነገር አለች። አንድ ዙር 0.6 ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ ቴሌስኮፑ ምድርን የሚያየው ለ0.03 ሰከንድ ብቻ ነው። ሃያኛው እጅ! ቀሪውን ጊዜ ባዶ ጨለማ ላይ ነው የሚያፈጥጠው። መሐንዲሶቹ ይህን ብክነት ወደ ጥቅም ቀየሩት፦ በ0.03 ሰከንድ የተነበበውን መስመር ሳተላይቷ ትይዝና በቀረው ጊዜ ረጋ አድርጋ ወደ መሬት ትልካለች። ስለዚህ ግዙፍ የሬዲዮ ማሰራጫ አላስፈለጋትም።

የአዲስ አበባ መስመር ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚነበብ አስልቼው ነበር። ምስሉ ከተጀመረ ከ14 ደቂቃ ተኩል በኋላ አካባቢ ይወጣል። «የ6 ሰዓቱ ምስል» ሲባል የኛ ደመና እውነተኛ ሰዓቱ ሌላ ነው።

ሦስት ዓይነት ምስል ታነሳለች። አንዱ የሚታየው ብርሃን ነው፣ ቀን ብቻ የሚሠራ። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ፣ የደመናውን ጫፍ ሙቀት የሚለካ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ሦስተኛው የውሃ ትነት ነው። ይህኛው ከጂኦስቴሽነሪ ምህዋር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሜቴኦሳት 1 ነው። ደመና በሌለበትም ቢሆን እርጥብና ደረቅ አየር ከላይ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል። በዚህ አሜሪካኖቹንም ቀድማለች።

የሙቀት ዳሳሾቹ እንዲሠሩ ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ አካባቢ መቀዝቀዝ አለባቸው። ማቀዝቀዣ ሞተር የለም። ፀሐይ ወደማይነካው ጨለማ የዞረ ራዲያተር ሙቀቱን ወደ ጠፈር ይተፋዋል፣ በቃ። ችግሩ፣ ከሳተላይቷ ከራሷ አካል የሚወጣ ጥቂት እርጥበት እዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። ምስሉ እየደበዘዘ ይመጣል። ያኔ ከመሬት ትእዛዝ ይላክና ያ ክፍል ሆን ተብሎ ይሞቃል፤ በረዶው ተንኖ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።

የመጀመሪያ ምስሏን ዲሴምበር 9 ቀን 1977 ላከች። ኖቬምበር 24 ቀን 1979 ላይ ደግሞ ዓይኗ ጠፋ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የኤሌክትሪክ ችግር ሲመጣ ኃይሉን ቆርጦ ዕቃውን የሚያድን መከላከያ ነበራት። እሱ ራሱ ተበላሸ። ምስል የሚያነሳውን መሣሪያ፣ ራዲዮሜትሩንም፣ ምስል ማሰራጫውንም ይዞባት ወደቀ። የዲዛይን ጉድለት ነበር። ሊጠብቃት የተቀመጠው ዘበኛ ነው የገደላት።

ቀኑን ወደኛ ስትቀይሩት የተተኮሰችው ኅዳር 14 ቀን 1970፣ ዓይኗ የጠፋው ኅዳር 14 ቀን 1972 ነው። በፈረንጅ በአንድ ቀን ይለያያል፤ በኛ ልክ ሁለት ዓመት።

---

የቦሌው_ዲሽ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔ ዲሽ እየተከልኩ ነው የምኖረው፤ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚለውን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ግን ሆዷ ውስጥ ያለውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አንድ ያልገባኝ ነገር። አካሏ በሙሉ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ አንቴናዋስ? እኛ ዲሹ አንድ ዲግሪ ሲዛነፍ ሲግናል ይጠፋብናል። እሷ እየተሽከረከረች እንዴት ነው ወደ ምድር የምትልከው?

---

ደመና_ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የባለሙያ ጥያቄ ነው። ከትልቁ ሲሊንደር በላይ አነስ ያለ ሌላ ሲሊንደር አለ። ዙሪያውን በትንንሽ አንቴናዎች ተሞልቷል። ሁሉም አንድ ላይ አይሠሩም። ወደ ምድር የዞሩት ብቻ ይበራሉ። ሳተላይቷ ስትዞር እነሱ ይጠፉና ቀጣዮቹ ይበራሉ። ማብራት ማጥፋቱ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ብረት ሳይኖር ጨረሩ ምድር ላይ ተተክሎ ይቀራል። የሚያረጅ ኩሽኔታ የለም፣ ግሪስ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ሆነህ 0 ዲግሪን ለመፈለግ ብዙ አትደክምም። የናይልሳት ዲሾች የሚያዩበት አቅጣጫ ነው፣ ወደ ምዕራብ። ከናይልሳት ከ7 እስከ 8 ዲግሪ ብቻ ከፍ ማለት ነው።

---

የቦሌው_ዲሽ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡09

ኧረ ባክህ! ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ በለኛ።

---

ተጠራጣሪው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ግን ስሜት በዝቶበታል። እስቲ በቁጥር እንነጋገር። የታቀደላት ዕድሜ 3 ዓመት ነበር። ያየችው 2 ዓመት ነው። እሱም በራሷ መከላከያ ተበላሽታ። በየትኛውም ዎርክሾፕ ይህ ከሽፏል ነው የሚባለው። ጎስ 1ን ውሰድ፤ በ1975 ወጥታ እስከ 1985 ድረስ አልተዘጋችም። «አውሮፓዊት ፈር ቀዳጅ» የሚለው ማቆለጳጰስ ነው።

ደግሞ ምትክ አልነበራትም። አንድ ሳተላይት ልከህ መለዋወጫ አጠገቡ ካላስቀመጥክ አገልግሎት ሳይሆን ሙከራ ነው ያለህ።

---

ደመና_ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሙከራ ነበረች፣ እሱን ማንም አልደበቀም። «ፕሪ ኦፕሬሽናል»፣ ማለትም ከመደበኛ አገልግሎት በፊት ያለች፣ ነው የሚሏት ራሳቸው። ግን ታሪኳ በ1979 አያልቅም። ርእሱ ላይ ፖስተኛ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሜቴኦሳት ሦስት ሥራ ነበራት። ምስል ማንሳት አንዱ ነው። የተስተካከለውን ምስል መልሶ ለየአገሩ ማሰራጨት ሁለተኛው። ሦስተኛው፣ ሰው በሌለበት ቦታ ከተተከሉ መሣሪያዎች፣ ከባሕር ላይ ቡይ (ተንሳፋፊ መለኪያ)፣ ከመርከብ፣ ከወንዝ መለኪያ፣ መልእክት ተቀብሎ ወደ ማዕከል ማስተላለፍ ነው። መከላከያው ሲበላሽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛው አልሞተም።

ምትኳ ሜቴኦሳት 2 ጁን 19 ቀን 1981 ተተኮሰች፤ በአውሮፓ የራሷ ሮኬት በአሪያን። ምስል ማንሳቱ ግሩም ነበር። ግን ጉዳቸው አላለቀም፦ የሜቴኦሳት 2 መልእክት መሰብሰቢያ ከመጀመሪያው አልሠራም! ስለዚህ ምን ተደረገ? ሁለቱን አብረው አሠሯቸው። አንዷ ታያለች፣ አትሰማም። ሌላዋ ትሰማለች፣ አታይም። ሜቴኦሳት 1 እስከ 80ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንዲህ መልእክት ስታመላልስ ኖረች። እሷ ስትደክም አሜሪካኖቹ ጎስ 4ን በ1985 ወደ አውሮፓ በኩል አስጠግተው ያንን ሥራ አሸከሟት። የጎስ 4 ካሜራም ቀድሞ የተበላሸ ነበር። ለዚህ ቦታ ዓይነ ስውር መሆን መስፈርት ይመስላል።

ታዲያ 2 ዓመት ትላለህ ወይስ 7?

---

ተጠራጣሪው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

የካሜራ ሳተላይት በፖስታ ቤት ዕድሜ አይለካም። ግን የአሪያኑ ነገር ደስ ይላል፤ እሱን ጨምርበት።

---

ደመና_ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

ልጨምር። አሪያን ያኔ ራሷ ፈተና ላይ ነበረች። ሁለተኛው በረራ በሜይ 1980 ከሽፎ ባሕር ገብቷል። ሜቴኦሳት 2 የተጫነችው በሦስተኛው ላይ ነው፤ አሁንም የሙከራ በረራ! አብራት አፕል የምትባል የህንድ የመገናኛ ሳተላይት ነበረች። ያ በረራ ቢከሽፍ አውሮፓ ሌላ ብዙ ዓመት ያለ ዓይን ትቀመጥ ነበር። አልከሸፈም። በኦገስት 1981 ምስል መስጠት ጀመረች። ሮኬቱን ለሚፈትኑ ሰዎች የራስን ብቸኛ ምትክ መስጠት... አንተ ቁማር ትለው ይሆናል፤ እኔም ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

---

ሊያ_ዳርምሽታት — ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስሜን ያየ ሰው ለምን ይህ ክር እንደገረመኝ ይገባዋል። ሜቴኦሳት የምትመራው እዚሁ ጀርመን፣ ዳርምሽታት ከተማ ካለው የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበር። በ1986 የተመሠረተው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ድርጅት፣ ኢዩሜትሳት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚህ ነው። የኛ ልጆች ከተማውን የሚያውቁት በዩኒቨርሲቲው ነው፤ ስለ ሳተላይቱ የሚያወራ ብዙም የለም።

ደመና_ቆጣሪ ያልጠቀስከው አንድ ነገር አለ። ጥሬው ምስል ከሳተላይቷ የሚወርደው ኦደንቫልድ በተባለው ደናማ ኮረብታ፣ ሚሼልሽታት አካባቢ ባለው ጣቢያ ነው። ከዚያ በመሬት መስመር ዳርምሽታት ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ያስተካክሉታል፤ ምክንያቱም ሳተላይቷ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ ምስሉም ከካርታው ጋር አይገጥምም። የባሕር ዳርቻውን መስመር ይሥሉበታል። ይቆራርጡትና መልሰው ወደዚያችው ሳተላይት ይልኩታል! እሷ ደግሞ ወደ ታች፣ ለሁሉም ትበትነዋለች። አንድ ምስል 36 ሺህ ኪሎ ሜትሩን ሦስት ጊዜ ተጉዞ ነው አንድ አፍሪካ ከተማ ያለ ትንበያ ቢሮ የሚደርሰው።

ለዚህ ነው መከላከያው ሲበላሽ ጉዳቱ ድርብ የሆነው። ካሜራው ብቻ ቢሆን የጠፋው የሌላ ሳተላይት ምስል በእሷ በኩል ማሰራጨት ይቻል ነበር።

---

የቦሌው_ዲሽ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02

ሊያ እህቴ፣ ያ ወደ ታች የሚበተነው ስንት ፍሪኩዌንሲ ላይ ነበር? በኛ ዕቃ ይያዝ ነበር?

---

ሊያ_ዳርምሽታት — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

አናሎጉ ስርጭት 1691 ሜጋኸርዝ ላይ ነበር። ትንሽ ዲሽ ይበቃዋል። እዚህ አገር የሬዲዮ አፍቃሪዎች ራሳቸው በሠሩት ዕቃ ይቀበሉት ነበር። መስመር በመስመር፣ እንደ ፋክስ እየተሣለ ነው የሚወጣው።

---

ጋሽ_ታዛቢ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ልጆቼ፣ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እኔ የሜትዮሮሎጂ ታዛቢ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሳተላይት ሳይመጣም ሰማይን እናነብ ነበር። በየሦስት ሰዓቱ ወጥቶ ቴርሞ ሜትር ማየት፣ የደመናውን ዓይነትና ስፋት በዓይን ገምቶ መመዝገብ፣ የዝናብ መለኪያውን ውሃ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስፈር፣ ከዚያ በኮድ አድርጎ በሬዲዮ ወደ አዲስ አበባ ማስተላለፍ። ሬዲዮው ካልሠራ ያ ቀን ለማዕከሉ ጠፋ ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ይቀመጣል።

የሳተላይት ምስል መጀመሪያ ያየሁት እየሸተተ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ። ጉርድርድ ያለ። ቀይ ባሕርን በባሕር ዳርቻው መስመር ለየሁት። ከዚያ በኛ ጣቢያ «ሰማዩ በሙሉ ተሸፍኗል» ብለን የጻፍነው ደመና ከሱዳን ጀምሮ የመጣ መሆኑን አየሁ። ታዛቢ የሚያየው የቆመበትን ሰማይ ነው። ከጀርባው ምን እየመጣ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ይህን ካልኩ ሌላም ልበል። ሳተላይት ዝናብ አይለካም። የደመና ጫፍ ቅዝቃዜ ነው የሚለካው። ዝናቡን የለካነው እኛ ነን፣ በቆርቆሮና በብርጭቆ። ያ እንዳይረሳ።

---

ጥያቄ_አለኝ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ።

1977 ሲባል እኔ ድርቁ ነው የታወሰኝ። ሳተላይቷ ያኔ ካለች ለምን አላስጠነቀቀችም?

ሁለተኛ፣ ጋሼ «የደመና ጫፍ ቅዝቃዜ» ያሉት እንዴት ነው ወደ ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚቀየረው?

---

ደመና_ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

በመጀመሪያ ጋሼን አመሰግናለሁ። እርስዎ ያሉት የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የሁለተኛው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።

የመጀመሪያውን ልመልስ። የድርቁ 77 በኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 1984 እና 85። የሳተላይቷ 1977 በኛ 1970 ነው። ስለዚህ ያን ድርቅ ከላይ ያየችው ሜቴኦሳት 2 ናት። አይታለች። ደመናው ሳይመጣ ሲቀር በየግማሽ ሰዓቱ መዝግባለች። ግን ምስል ማየትና ማስጠንቀቅ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ምስሉን ወደ ዝናብ መጠን የሚቀይር ዘዴ ገና እየተሠራ ነበር። ደግሞ ማስጠንቀቂያ ከሌላ በኩል ጠፍቶም አልነበረም። ሰሚው ነው...

---

አወያይ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እዚህ ላይ እናቁም። የ77ቱን ፖለቲካ የሚፈልግ ሌላ ክር ይክፈትለት። ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

---

ደመና_ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እሺ አለቃ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። በእንግሊዝ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት የሚባል ቡድን አለ። ለአፍሪካ ተብሎ የተሠራ ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አፍሪካ ላይ አብዛኛው ዝናብ የሚመጣው ወደ ላይ ከተቆለለ ነጎድጓዳማ ደመና ነው። ደመናው በተቆለለ ቁጥር ጫፉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ደመናው፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች ከ40 ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘበትን ሰዓት ትቆጥራለህ። አሥር ቀን ትደምራለህ። ከዚያ ከጋሼና ከባልደረቦቻቸው የቆርቆሮ ልኬት ጋር ታነጻጽርና በዚህ ወር፣ በዚህ አካባቢ፣ አንድ ሰዓት ቀዝቃዛ ደመና ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያወጣ ታወጣለህ። የቆርቆሮው ልኬት ባይኖር ሳተላይቷ የሰዓት ቁጥር ብቻ ነው የምትሰጥህ።

ችግርም አለው። ተራራማ ቦታ ላይ ነፋስ ሽቅብ ሲገፋ፣ ከፍ ካላለና ብዙም ካልቀዘቀዘ ደመናም ይዘንባል። ሳተላይቷ ያንን ታሳንሰዋለች። በተቃራኒው ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስስ የበረዶ ደመና በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ጠብታ ግን የለውም። ያኔ ያልዘነበውን ዘነበ ትላለች። ደጋ ላለን ሰዎች የመጀመሪያው ስሕተት ነው የሚያሳስበን።

አሁን ተጠራጣሪው እንዲያነብልኝ የምፈልገው ነገር ይኸው። የታምሳት ተከታታይ መዝገብ የሚጀምረው ከ1983 ነው። የኛ ሜትዮሮሎጂም የጣቢያ ልኬትንና የሳተላይት ግምትን አጣምሮ ያዘጋጀው የዝናብ መረጃ እንደዚሁ ከ1983 ነው የሚነሳው። ያ መከላከያ ባይበላሽና ከኖቬምበር 1979 እስከ ኦገስት 1981 ያለው ቀዳዳ ባይኖር፣ መዝገቡን ወደ ኋላ ለመግፋት መሞከር ይቻል ነበር። የአንድ ዕቃ ብልሽት ዋጋው የሚታየኝ እዚህ ጋ ነው፤ ከ3 ዓመት ውስጥ 2 መሥራቷ ላይ አይደለም።

---

ተጠራጣሪው — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

ይህኛው ክርክር ከፖስታው ይሻላል። ግን የኔን ነጥብ ነው የሚደግፈው፤ አጠገቧ ምትክ ቢኖር ቀዳዳው አይኖርም ነበር። ደግሞ ያ የ1979 ዓለም አቀፍ ሙከራ የሚሉት ነገር ነበር አይደል? እሱስ እንዴት ሆነ?

---

ደመና_ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡18

ጥሩ አነሳኸው። ከዲሴምበር 1978 እስከ ኖቬምበር 1979 መጨረሻ ድረስ ዓለም በሙሉ ከባቢ አየርን በአንድ ላይ እንዲለካ ታቅዶ ነበር። አምስት የጂኦስቴሽነሪ ሳተላይቶች ምድርን መክበብ ነበረባቸው፦ ሁለት ከአሜሪካ፣ አንድ ከጃፓን፣ ሜቴኦሳት 1 ከአውሮፓ፣ አንድ ደግሞ ከሶቭየት ሕብረት ለሕንድ ውቅያኖስ። የሶቭየቷ አልደረሰችም። የደረሰችው በ1994 ነው! ስለዚህ አሜሪካኖቹ ጎስ 1ን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ላኳት፤ ምልክቷን የምትቀበለው ስፔን ያለች የአውሮፓ ጣቢያ ነበረች። በዚያ ዓመት ምሥራቅ አፍሪካ ከምዕራብም ከምሥራቅም በኩል ይታይ ነበር።

ሜቴኦሳት 1 የታወረችው ሙከራው ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። እስከዚያ ዓመቱን ይዛ ቆይታለች፤ ደመናው በተከታታይ ምስሎች መካከል የተንቀሳቀሰበትን እየለኩ የነፋስ ፍጥነት ያወጡባት ነበር። ለአትላንቲክና ለአፍሪካ፣ ፊኛ የሚለቅ ጣቢያ ለሌለበት ሰፊ ቦታ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ምትክ ያልከው ልክ ነው። እነሱም ተምረውበታል። ሜቴኦሳት 3 ከመጀመሪያው ፕሮግራም የተረፈች የሙከራ አካል ነበረች፤ አድሰው በ1988 በአሪያን 4 የመጀመሪያ በረራ ላኳት። አሜሪካኖቹ በ1989 ጎስ 6 ሲበላሽባቸው አንዲት ሳተላይት ብቻ ነበር የቀራቸው። አውሮፓ ሜቴኦሳት 3ን ወደ ምዕራብ ገፍታ፣ መጀመሪያ 50 ከዚያ 75 ዲግሪ ላይ አቁማ አበደረቻቸው። ጎስ 4ን አስታውሱ። ብድር በምድር ይላሉ፤ እነዚህ በሰማይ ተመላለሱ።

---

ጥያቄ_አለኝ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

መግፋት ሲባል ነዳጅ አላት ማለት ነው? ባለችበት ለመቆምስ ነዳጅ ያስፈልጋታል?

---

ሊያ_ዳርምሽታት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሃይድራዚን የሚባል ነዳጅ ትይዛለች፣ በትንንሽ አፍንጫ የሚተፋ። ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች 0 ዲግሪ ላይ ያለ ሳተላይት ዝም ካሉት ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 75 ዲግሪ ይንሸራተታል። ያንን ማረም ብዙ አይፈጅም። የሚበላው ሌላው ነው፤ ጨረቃና ፀሐይ ምህዋሯን በዓመት አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያዘነብሉታል። ነዳጅ ሲያልቅ ሳተላይት የሚያረጀው በዚህ ነው፤ መሣሪያው ደኅና ሆኖም ቢሆን።

ደግሞ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ሌሊት ሌሊት የምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች፣ እስከ 72 ደቂቃ። ያኔ የፀሐይ ሴሉ አይሠራም፤ በባትሪ ነው።

---

የቦሌው_ዲሽ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

ሌሊት ነው ያነበብኩት። አሁን ያሉትስ ይሽከረከራሉ?

---

ደመና_ቆጣሪ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡25

ሁለተኛው ትውልድ፣ ከ2002 ጀምሮ የወጡት፣ አሁንም በደቂቃ 100 ይሽከረከራሉ። የምስል ዓይነቶቹ (ሰርጦቹ) ከ3 ወደ 12 አደጉ፣ ምስሉ በየ15 ደቂቃው ሆነ። ሽክርክሪቱን ያቆመችው በዲሴምበር 2022 የተተኮሰችው የሦስተኛው ትውልድ መጀመሪያ ናት። የ1977ቱ ሐሳብ 45 ዓመት ቆየ ማለት ነው።

ለኛ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከ1998 ጀምሮ ከሜቴኦሳቶቹ አንዷ ሁልጊዜ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ በኩል ትቀመጣለች። ሜቴኦሳት 8 ለጥቂት ዓመታት 41 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ላይ ነበረች፤ ከአናታችን በላይ ማለት ይቻላል። ድሮ ሰያፍ የምንታየው ሰዎች መሐል ገባን።

---

የቦሌው_ዲሽ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡41

ያ 1691 ላይ ያለው አናሎግ ዛሬም አለ? እስቲ እንሞክረው።

---

ሊያ_ዳርምሽታት — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

የሜቴኦሳቱ ቆሟል። አሁን ኢዩሜትካስት በሚባል አገልግሎት፣ በመደበኛ የመገናኛ ሳተላይት በኩል ነው የሚሰራጨው። ለአፍሪካ ሲ ባንድ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። 2.4 ሜትር ዲሽ፣ የሚስማማ መቀበያና ፈቃድ ያስፈልጋል። የየአገሩ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው።

---

የቦሌው_ዲሽ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡34

2.4 ሜትሩ አለኝ። ከድሮው የሲ ባንድ ዘመን የተረፈ፣ ጣሪያ ላይ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣበታለች። ፈቃዱን የት ነው የሚጠየቀው?

---

ጋሽ_ታዛቢ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡05

ልጄ፣ መጀመሪያ ባለቤትህን አስፈቅድ። ከዚያ ወደ ሜትዮሮሎጂ ሂድና ትንበያ ክፍል ጠይቅ። ስትሄድ የመሣሪያህን ዝርዝር በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ በቃል ብቻ ከነገርካቸው ነገ ና ይሉሃል።